ባዶዋ ጎጆ፦ ስለ ኦሊምፒክ የብር ሳንቲሞች

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመሀል አዲስ አበባ፣ ከቸርችል ጎዳና ፈቀቅ ብሎ በሚገኝ አዳራሽ ለሳንቲምና ለቴምብር ሰብሳቢዎች የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ቀርቧል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ ሰብሳቢ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ድምፄ ይሰማል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማይሰማችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ኑ። በዚህ አገር የፊት ወንበር ሁልጊዜ ባዶ የሚሆንበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አዘጋጆቹ ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከቤት ስወጣ፣ «ስለ ሳንቲም የምታወራ ከሆነ ቁልፍ ይዘህ ሂድ፤ ተኝተን ትደርሳለህ» ብላኛለች። ከሁለቱ ማን እንደሚያውቀኝ በመጨረሻ ታያላችሁ።

ይህን ሳጥን አያችሁት? አናጢ ነው የሠራልኝ። ውስጡ ቀይ ከፈይ ለብሷል። ሃያ አራት ክብ ስርጉዶች አሉት፤ እኔ ጎጆ እላቸዋለሁ። ሃያ ሦስቱ ጎጆዎች ነዋሪ አላቸው። አንዷ ባዶ ናት። ባዶ የሆነችው ገንዘብ ስላጣሁ አይደለም፤ ባዶ የሆነችው ፈልጌ ስላላገኘሁ አይደለም። ለምን ባዶ እንደሆነች እነግራችኋለሁ፤ አሁን ግን አይደለም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ሳንቲሞች ምን እንደሆኑ። ሁለተኛ፣ እንዴት ወደ እኔ እንደመጡና ለእኛ ምን እንደሚሉን። ሦስተኛ፣ እንዴት እንደሚያዙና ሰው እንዴት እንደሚታለልባቸው፤ መታለሉን ከራሴ ኪስ ተምሬዋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሳንቲሞቹ ላይ የተጻፈው እሱ ስለሆነ። በእኛ አቆጣጠር ስናገር አስታውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በኪሳችሁ ምን አለ? «ብር» ትላላችሁ። ይህ መስቀል ከምን ተሠራ? «ከብር» ትላላችሁ። በእኛ ቋንቋ ገንዘቡም ብር ነው፣ ማዕድኑም ብር ነው። ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። አያቶቻችን ገንዘብ የሚሉት ጠገራውን ነበር። ጠገራ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ይቀረጽ መቼ ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 የሚል፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው። የወርቅ ነጋዴው ወቄት የሚለው ሚዛን ራሱ የዚያ ጠገራ ክብደት ነው። ሰው በጠገራ በሬ ይገዛል፣ በጠገራ ጥሎሽ ይጥላል፤ ሲተርፈው ደግሞ ወደ አንጥረኛ ይወስደዋል። አንጥረኛው ያቀልጠዋል። ድሪ ይሆናል፣ አልቦ ይሆናል፣ መስቀል ይሆናል። አያቴ እግሯ ላይ የነበረው አልቦ አንድ ጊዜ ገንዘብ ነበር።

በ1936 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የወጣውን ሃምሳ ሳንቲም የምታስታውሱ አላችሁ? ሽልንግ የምንለውን? የመጀመሪያው ከሺህ 800 እጅ ብር ነበረው። እሱም ብዙው የአንጥረኛ እሳት ገብቷል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ብርን ማቅለጥ ልማዳችን ነው ለማለት ነው። ሳንቲም ሰብሳቢ ማለት በዚህ አገር ከልማዱ ጋር የሚታገል ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የስፖርት የመታሰቢያ ሳንቲም አዲስ ነገር አይደለም። የታላቁ እስክንድር አባት ፊሊጶስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ፈረሱ በኦሊምፒያ ቢያሸንፍለት፣ በብር ገንዘቡ ላይ ፈረሰኛ አስቀረጸ። የዘመናዊው ኦሊምፒክ ግን ብዙ ቆይቷል። በ1896 ተጀምሮ የመጀመሪያው የመታሰቢያ ሳንቲም የወጣው ለ1952ቱ የሄልሲንኪ ውድድር ነው። ፊንላንድ 500 ማርካ የሚል፣ 12 ግራም የሚመዝን፣ ግማሹ ብር ግማሹ ሌላ ማዕድን የሆነ ሳንቲም አወጣች። አብዛኛው 1952 የሚል ዓመት አለው። ጥቂቱ፣ ከሃያ ሺህ ያነሰው፣ 1951 የሚል ነው። 1951 የሚለውን የሚያሳያችሁ ሰው ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት።

ከሄልሲንኪ በኋላ ዝምታ ሆነ። ሜልቦርን አለፈ፤ ሮም አለፈ። በ1964 ኦስትሪያ ለኢንስብሩክ የክረምት ውድድር 50 ሺሊንግ አወጣች፤ በዚያው ዓመት ጃፓን ለቶኪዮ 100 የንና 1000 የን አወጣች። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። አዘጋጅ የሆነ አገር ሁሉ ብር ማቅለጥ ያዘ፤ እነሱ ግን የሚያቀልጡት ሳንቲም ለማድረግ ነው።

አንደኛው ነጥብ አለቀ። ደረቅ እንደነበር አውቃለሁ።

ሁለተኛው። በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚሁ መሀል ከተማ በአንድ ሆቴል ሻንጣ እሸከም ነበር። የሆቴሉን ስም ተዉት። አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ሦስት ከባባድ ሻንጣ ይዞ መጣ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር። አራተኛ ፎቅ! አንድ በአንድ አወጣሁለት። ሰውየው ኪሱን ዳበሰ፣ የኢትዮጵያ ገንዘብ አልያዘም፤ አንድ ትልቅ ነጭ ሳንቲም አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ። 10 ማርክ። ከፍ ያለ ገንዘብ መሆኑን ከክብደቱ ገመትኩ።

በማግሥቱ የምሳ ሰዓቴን ጠብቄ ወደ አንድ ባንክ ሮጥኩ። ተሰለፍኩ። ገንዘብ ከፋዩ ሳንቲሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ዘውዱንም ጎፈሩንም አየና፣ «ልጄ፣ እኛ የውጭ ገንዘብ የምንቀበለው ወረቀት ሲሆን ነው፤ ሳንቲም አንቀበልም» አለኝ። «ብር እኮ ነው ጌታዬ» አልኩት። «ብር ከሆነ ወደ ፒያሳ ውሰደው» አለኝ።

አስቡት እስቲ። ያ ሰው ተቀብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። በገንዘቡ ጫማ እገዛበት ነበር፤ ጫማውም ካለቀ ሃምሳ ዓመት ይሆነው ነበር። እነሆ፣ ሳንቲሙ ይኸውና።

ወደ ፒያሳ ሳልወስደው ቀረሁ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሆቴላችን ውስጥ ጀርመንኛ የሚያነብ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነበር። ዙሪያውን አነበበልኝ፦ የ20ኛው ኦሊምፒያድ ጨዋታዎች፣ 1972፣ በጀርመን። ሙኒክ! ሙኒክ ማለት ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘበት፣ ለ5 ሺህ ማጣሪያው ግን ሳይሰለፍ የቀረበት ነው። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ነበር የሚያወራው። ሰው ሁሉ የየራሱ ምክንያት ነበረው። እኔም እንግዲህ ሙኒክን በኪሴ ይዣት እዞራለሁ! እንዴት አድርጌ ለአንጥረኛ እሰጣታለሁ?

ይህን ሳንቲም ልብ ብላችሁ እዩት። «በጀርመን» ነው የሚለው። ከዓመታት በኋላ ሌላ 10 ማርክ አገኘሁ፤ ምስሉ ያው ነው፣ ጽሑፉ ግን «በሙኒክ» ይላል። የተሳሳትኩ መሰለኝ፤ መነጽሬን ጠረግሁ። ስህተት አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመን ተቃውማ ነው። ኦሊምፒክ የሚሰጠው ለከተማ እንጂ ለአገር አይደለም፣ ጀርመን ደግሞ እናንተ ብቻ አይደላችሁም ብላ ተከራከረች። ምዕራቦቹም ጽሑፉን ለወጡ። ሁለት መንግሥታት የተጣሉበትን ነገር 15 ተኩል ግራም በሆነች ሳንቲም ላይ፣ በአንድ ቃል ልዩነት ታነቡታላችሁ። ከታች ያለችው ትንሽ የላቲን ፊደል ደግሞ የት እንደተቀረጸች ትናገራለች፤ ዲ ሙኒክ ነው፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄይ ሃምቡርግ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንቲም አይቼ አላልፍም፤ አነባለሁ።

ወደ ፒያሳ እንሂድ። ዛሬ ፒያሳ ብዙ ነገሯ ተለውጧል፤ ያ ቤት ያለበትን ቦታ አሁን ባሳያችሁ የማገኘው አይመስለኝም። አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነበሩ። ከሥራ ስወጣ በራፋቸው ላይ ቆሜ ሲሠሩ ማየት እወዳለሁ። አንድ ቀን ሚዛናቸው ላይ ተራራ ያለበት ነጭ ሳንቲም አየሁ። ተራራው ፉጂ ነው፣ ዙሪያውን የቼሪ አበባ። የቶኪዮ 1000 የን! አጠገቡ ማቅለጫው ቀልቶ እሳቱ ይነፋል።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ሊሆን ነው?» አልኳቸው።

«መስቀል። የአንዲት ሙሽራ መስቀል።»

«ይሽጡልኝ።»

«ብሩ ሃያ ግራም ነው። ጥሩ ብር ነው፣ ከጠገራው ይነጣል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ጠገራ ከሺህ 833 ነው፣ የጃፓኑ 925 ነው። ሰውየው ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው ብቻ ነው።

«የብሩን ዋጋ ልክፈል፤ ሌላ ብር ይግዙበት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ብርን በብር ትገዛለህ?» አሉ። እንግዲህ ቋንቋችንን አያችሁት? ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስልኝ ካለ እጁን ያውጣ።

ሰጡኝ። ግማሹን በዱቤ ነው የሰጡኝ፤ ሦስት ወር ከፈልኩ። ሙሽራዋም መስቀሏን ከሌላ ብር አገኘች፤ ስለዚህ ማንም አልተበደለም።

ለምን ያን ያህል ተንሰፈሰፍኩ? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር የሆነው። ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጨርሶ ሣሩ ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር፤ ሌላው ገና እየሮጠ ነው። ጃፓን ከዚህ ሳንቲም 15 ሚሊዮን ቀርጻለች። ብርቅ አይደለም። ለእኔ ግን ከ15 ሚሊዮኑ አንዱ ከእሳት አፍ የወጣ ነው።

አሁን ባዶዋ ጎጆ። ገምታችሁታል መሰለኝ። ሮም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። የዘመን መለወጫ ዋዜማ! እዚህ ሰው ችቦ ሲያበራ፣ እዚያ ሮም ላይ በችቦ ብርሃን መንገድ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ይሮጣል። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ሆነ። ከዚያ የበለጠ የእኛ የሆነ ኦሊምፒክ አለ? የለም። ለእሱ ግን የብር ሳንቲም የለም። አስቀድሜ ብያለሁ፤ ከሄልሲንኪ እስከ 1964 ዝምታ ነበር። ሮም ዝምታው ውስጥ ወደቀች።

ወዳጆቼ ብዙ መክረውኛል። «ሜዳሊያ አድርግበት»፣ «ቴምብር አድርግበት»፣ «የዚያን ዘመን የጣሊያን 500 ሊሬ አድርግበት፤ ብር ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ብር ነው። ግን ስለ ኦሊምፒኩ አይናገርም። ጎጆዋን አልሞላትም። ሰው ሳጥኑን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው። ሃያ ሦስት ሳንቲም ሰብስቤ ሰው ስለ ባዶው ይጠይቀኛል!

ስለ ሜክሲኮ አጭር እላለሁ። 25 ፔሶ፣ 22 ተኩል ግራም፣ ከሺህ 720 ብር። የጥንት የሜክሲኮ ኳስ ተጫዋች ምስል አለበት፣ ከሥሩ ቀለበቶቹ። ከ27 ሚሊዮን በላይ ስለተቀረጸ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። ማሞ ወልዴ በ1968 በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ፤ ከቀናት በኋላ አበበ በጉዳት ሲያቋርጥ ማራቶኑን ማሞ በወርቅ ጨረሰ። ይህን ሳንቲም ሳነሳ «የማሞ ብር» እላለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ማሞ የሚባል ሰው ብድር ያለብኝ መስሏት ነበር።

ሞንትሪያል። አሁን የምናገረው የሚያስቀይማችሁ ሰብሳቢዎች ልትኖሩ ትችላላችሁ። ካናዳ ለ1976 ሃያ ስምንት የብር ሳንቲም አወጣች፤ በሰባት ዙር አራት አራት እያደረገች፣ ባለ 5 ዶላርና ባለ 10 ዶላር። ባለ 10ሩ 48 ግራም ከ6 ይመዝናል፣ ከሺህ 925 ብር ነው። ግሩም ሥራ ነው። ሃያ ስምንቱንም የሰበሰበ ሰው አውቃለሁ፤ አከብረዋለሁ። እኔ ግን አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ የእህቴ ልጅ ከካናዳ ያመጣልኝ። ለምን አንድ ብቻ? ሞንትሪያል ላይ ኢትዮጵያ አልተወዳደረችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ትተው ወጡ። ምሩጽ በዕድሜው ጥሩ ዘመን ሳይሮጥ ቀረ። ሃያ ስምንት ሳንቲም አለ፣ የእኛ ታሪክ የለም። ሮም ላይ ታሪኩ አለ፣ ሳንቲሙ የለም። አያችሁ?

ሳንቲሞችን የሚዘረዝረው፣ ካታሎግ የሚባለው መጽሐፍ «ሙሉ ስብስብ» የሚለው ነገር አለው። ሃያ ስምንት ከሆነ ሃያ ስምንቱን ግዛ ይላችኋል። ማነው ሙሉ ያለው? ካናዳዊው ለካናዳዊ ሙሉ ነው። ልጆቼ፣ እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ ሰሙኝ? የሰው ዝርዝር እየሞላችሁ አትኑሩ። አንዱ የእናቱን ከተማ ሩጫ ይሰብስብ፣ አንዱ ፈረስ ያለበትን ብቻ ይሰብስብ። እኔ የሯጮቻችንን መንገድ ነው የምሰበስበው።

ፈረስ ካልኩ ሞስኮ መጣች። ሶቪየት ኅብረትም እንደ ካናዳ ሃያ ስምንት የብር ሳንቲም አወጣች፤ አሥራ አራት ባለ 5 ሩብል፣ አሥራ አራት ባለ 10 ሩብል፣ ሁሉም ከሺህ 900። የስፖርት ዓይነት እየመረጡ ነው የቀረጹት። ከባለ 5ቱ አንዱ ኢሲንዲ ይባላል። የካውካሰስ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ፈረሰኞች እየጋለቡ ዘንግ ይወራወራሉ። ይህ ምንድን ነው? ጉግስ ነው! የእኛው ጉግስ! መጀመሪያ ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ። ከባለ 10ሩ ደግሞ አንዱ ላይ ወጣት በፈረስ ልጃገረድ ያሳድዳል። አጋዘን የሚያስጎትቱበትም አለ። ሞስኮ ላይ ምሩጽ፣ ማርሽ ቀያሪው፣ 5 ሺህንም 10 ሺህንም በወርቅ ወሰደ። ሙኒክ ላይ ሳይሰለፍ የቀረበትን 5 ሺህ ከስምንት ዓመት በኋላ! ስለዚህ በሳጥኔ ውስጥ ሙኒክና ሞስኮ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሞንትሪያልን ወደ ዳር አውጥቻታለሁ። የዘመን ቅደም ተከተሉ ተፋልሷል፤ የታሪኩ አልተፋለሰም።

አሁን ውርደቴን ልናገር። በዚያ ዘመን ብዙ ልጆቻችን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ይመለሱ ነበር፣ ሩብልም ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ሰው፣ ማንነቱን አልናገርም፣ ስድስት የኦሊምፒክ ሩብል በሚያምር መያዣ ይዞ መጣ። «ብር ነው፣ ሙሉ ስብስብ ነው» አለኝ። ሙሉ ስብስብ! ያን ጊዜ እኔም ያ በሽታ ነበረብኝ። የአንድ ወር ደመወዝ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁት። ወደ ፒያሳ ሽማግሌዬ ወስጄ አሳየኋቸው። አንዱን አንስተው ሳይመዝኑ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። ቀጭ አለ። ቀጥለው አንድ ጠገራ ጣል አደረጉ። ጠገራው ዘመረ። ምንም አላሉኝም። ሻይ አዘዙልኝ።

ባለ 1 ሩብሎቹ መዳብና ኒኬል ናቸው። ሁሉም፤ ስድስቱም። ሞስኮ በብር የቀረጸችው ባለ 5ቱንና ባለ 10ሩን ነው። መጽሐፍ ከፍቼ አይቼ ቢሆን ኖሮ ደመወዜ ይተርፍ ነበር። ስድስቱን እስከ ዛሬ አልጣልኳቸውም። ክሬምሊን ያለበት ሩብል አንዳንዱ ላይ የማማው ሰዓት ተሳስቷል፤ አራት መሆን ባለበት ቦታ ስድስት የሚል የሮማውያን ቁጥር ተቀርጿል። የተሳሳተ ሰዓት፣ በተሳሳተ ሰው የተገዛ።

ሁለተኛውን ሳልጨርስ አንድ የራሳችንን። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ለስፔኑ የዓለም ዋንጫ የመታሰቢያ ሳንቲም አውጥታለች፤ 20 ብር የሚለው ከብር፣ 2 ብር የሚለው ከመዳብና ኒኬል። እስከ ዛሬ ለዓለም ዋንጫ አልፈን አናውቅም፤ ሳንቲሙ ግን አለን! ሳቁ፣ ያስቃል። ያን ጊዜ ብዙ አገሮች ለውጭ ሰብሳቢዎች ሲሉ እንዲህ ያለ ሳንቲም ያወጡ ነበር። በእሷ ሻይ የገዛ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ያገኘኋት ከውጭ አገር ዞራ ነው፤ ከአገሯ ወጥታ፣ በሰው እጅ ኖራ፣ ተመለሰች። ከአሥራ ሁለተኛዋ ጎጆ ውስጥ ናት። ስትደርሳችሁ በደንብ እዩዋት።

ሦስተኛው። ሰዓቱን እያያችሁ ነው፤ አየኋችሁ። እፈጥናለሁ።

ስትገዙ ካታሎጉ ውስጥ ያለውን ክብደትና ስፋት እወቁ፤ ከዚያ መዝኑ። ማግኔት ያዙ፤ ብር በማግኔት አይሳብም። ግን መዳብና ኒኬሉም አይሳብም፣ ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አያድናችሁም። እኔ ያልዳንኩት ለዚያ ነው። ዋናው ውኃ ነው። የአንጥረኛ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ቁጥሩን ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ የብርጭቆው ግድግዳና ታች እንዳይነካው። የቶኪዮው 20 ግራም ከሆነ ሚዛኑ ወደ 1.9 ግራም ያሳያችኋል። ያው ክብደት ያለው መዳብና ኒኬል ቢሆን 2.2 አልፎ ይሄዳል። ብር ከባድ ስለሆነ ለክብደቱ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። አለቀ። ይህን ለሚያውቅ ሰው ስድስት ሩብል አይሸጥለትም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አብዛኛው የስፖርት ሳንቲም በሚሊዮን የተቀረጸ ስለሆነ የሚያወጣው ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የሜክሲኮው ውስጥ 16 ግራም ከ2 ንጹሕ ብር አለ፣ የሞስኮው ባለ 10 ውስጥ 30 ግራም ገደማ፣ የካናዳው ባለ 10 ውስጥ 45 ግራም ገደማ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክብደቱን በብር ይዘቱ ማባዛት ነው። በ1980 መጀመሪያ የብር ዋጋ በአውንስ፣ ማለትም በ31 ግራም ገደማ፣ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ በየአገሩ ስንት ሳንቲም እንደቀለጠ አስቡት። ለትርፍ የምትመጡ ካላችሁ አልከለክልም። ግን ብር ሲወደድ አንጥረኛው ጋ ለመሮጥ ከሆነ የምትሰበስቡት፣ ምን ሰበሰባችሁ?

መያዝ። ይህን በደም ጻፉት፦ አትፈትጉት! ሳንቲም ሲጠቁር ብሩ ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ስለተገናኘ ነው። ቆሻሻ አይደለም። እኛ ቤት ብር የጠቆረ እንደሆነ አመድና ሎሚ ነው፤ እናቶቻችን መስቀሉን ለበዓል እንዲያ ነው የሚያበሩት። ለመስቀል ይሁን። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የሄልሲንኪውን፣ ያን የመጀመሪያው ያልኳችሁን የፊንላንድ ሳንቲም፣ በፋሲካ ዋዜማ በጥርስ ሳሙና ፈተግሁት። ኧረ እንዴት አበራ! እንደ መስታወት! በመነጽር ሳየው ፊቱ ሁሉ ተቧጥሯል፣ እንደተላጨ ራስ። ዓመቱን አየሁ። 1952 ነበር። 1951 ቢሆን ኖሮ በዚያ በዓል ጾሜን አልፈታም ነበር።

በጠርዙ ብቻ ያዙት። በላስቲክ ገመድ አትሰሩት፤ ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ፣ ያጠቁረዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አታቆዩት፤ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ አተላ ይተፋበታል። ጠንካራ ክብ ማቀፊያ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካጣችሁ ንጹሕ ወረቀት ይበቃል። እርጥበት ከሌለበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ እሳት እራት መድኃኒት ርቆ።

ፒያሳ ያሉት ሽማግሌ ዕድሜያቸው ሲገፋ አንድ ቀን አስጠሩኝ። ከመሳቢያቸው የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ። አንድ 100 የን ነበር፣ የቶኪዮዋ ታናሽ እህት፣ ከሺህ 600 ብር። «ያን ጊዜ ከትልቁ ጋር ነው የመጣችው። ያንተን ከወሰድክ በኋላ ይቺን ማቅለጥ ከበደኝ» አሉኝ። ስንት ልክፈል አልኳቸው። «ብርን በብር አትግዛ» አሉኝ።

ሳጥኑን አሁን አሳልፋለሁ። ከግራ በኩል ከፊት ይጀምር፤ እንዳልኩት የፊት ወንበር ባዶ ነው፣ እንግዲያውስ ከሦስተኛው ረድፍ ይጀምር። እጃችሁን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በጠርዙ ያዙ። ባዶዋ ጎጆ ውስጥ ጣታችሁን አስገብታችሁ ብትነኩ አልቆጣም፤ ብዙ ሰው ይነካታል፣ ከፈዩ እዚያ ላይ ሳስቷል። ሲመለስልኝ ሃያ ሦስት እቆጥራለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ የቤቴን ቁልፍ ይዣለሁ።